ሁለት ፈረስ በአንድ ዓረፍተ ነገር

የአማርኛ መምህርት ነኝ። እንጅባራ አስተምራለሁ። አገሬ ድሬዳዋ ነው። ብርድ አልወድም።

እነዚህን አራት ዓረፍተ ነገሮች ለተማሪዎቼ ብሰጣቸው «አገሬ ድሬዳዋ ሆኖ ሳለ፣ ብርድም ሳልወድ፣ እንጅባራ ላይ አማርኛ አስተምራለሁ» ብለው ያጣምሩልኝ ነበር። አያችሁ? ለየብቻ ሲቀመጡ መታወቂያ የሚመስሉ ነገሮች ሲገናኙ ለቅሶ ይሆናሉ። ይህንን ቀደም ብዬ አስተውዬ ቢሆን ኖሮ፣ ያን ሰሞን የገባሁበት ጣጣ ውስጥ ባልገባሁ ነበር። ግን ማስተዋል ሁልጊዜ ከጣጣ በኋላ ነው የሚመጣው፤ እንደ ዘገየ አውቶቡስ፣ ያውም ቦታ ሞልቶበት።

ጥንቁቅ ሰው ነኝ፤ ይህንን ቀድማችሁ እወቁልኝ። በሬን ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ ተመልሼ ቁልፉን እነካዋለሁ። ባጃጅ ስሳፈር አማትባለሁ፣ ስወርድም አማትባለሁ። አንዱ ባለ ባጃጅ «እማማ፣ እኔ እኮ መንጃ ፈቃድ አለኝ» ብሎኝ ያውቃል። መቀለዱን ይቅር ብዬዋለሁ፤ እማማ ያለኝን ግን የቁልቢው ገብርኤል ይጠይቀው። እንዲህ ያለች ሰው ከሰው ጠብ ውስጥ ትገባለች ብሎ ማን ያስባል? እኔም አላሰብኩም።

ነገሩ የጀመረው ከክፍል ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ ሲጽፉ እንዲህ ነበር የሚጽፉት፦ «ላማችን ወለደች። ዝናብ ዘነበ። አባቴ ሳቀ። ጥጃው ተነሣ።» ይህንን ማንበብ ዳንግላ ላይ በጋሪ ድንጋያማ መንገድ እንደ መሄድ ነው፤ ትደርሳላችሁ፣ ግን አጥንታችሁን እየቆጠራችሁ። «ልጆች፣ አጣምሩ!» አልኳቸው። «ዝናብ በዘነበበት ሌሊት ላማችን ስለወለደች፣ አባቴ ጥጃው ሲነሣ አይቶ ሳቀ» በሉ። አሉ። ደስ አለኝ። ደስታዬን አፍኜ ብይዘው ጥሩ ነበር፤ ለርእሰ መምህራችን ነገርኳቸው።

ርእሰ መምህራችን ንቅናቄ የሚወዱ ሰው ናቸው። ጽዳት ብትሏቸው የጽዳት ንቅናቄ፣ ችግኝ ብትሏቸው የችግኝ ንቅናቄ፤ አንድ ጊዜ ጉንፋን ይዞኝ ስል ሰምተው ሊያነቃንቁልኝ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ወዲያው እጃቸውን እያሻሹ እንዲህ አሉ፦ «መምህርት፣ ይህ የማጣመር ንቅናቄ ከማኅበረሰቡ ሕይወት የመነጨ፣ ተማሪውን በአንድ ለአምስት ያሳተፈ፣ ወላጁን ያነቃነቀ፣ እንደ ምርጥ ተሞክሮ ተቀምሮ ወደ ሌሎች ሊሰፋ የሚችልና ዘላቂነቱ የተረጋገጠ እንዲሆን ማድረግ ይጠበቅብናል።» እሳቸው ማጣመሩን ከእናታቸው ማኅፀን ተምረው ነው የመጡት። ሳይማሩት የቀሩት አራት ነጥቡን ነው።

«ከማኅበረሰቡ ሕይወት የመነጨ» የምትለዋን ይዤ ቤቴ ገባሁ። በማግስቱ ሕይወቱ ራሱ ከነጋቢው ደጄ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ።

የቤት አከራዬ አያ እንየው ናቸው። በወጣትነታቸው በፈረስ ስማቸው የተጠራ፣ ሚስታቸውን በሞት ያጡ፣ ልጅ ያልወለዱ ሽማግሌ። ከኪዳን ስመለስ ጠብቀው፣

«መምህሯ፣ ትናንት ቀብር ላይ ነበርሽ?» አሉኝ።

«ነበርኩ አያ።»

«የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«ተወለደ። አገባ። አረሰ። ሞተ። ንፍጤን ተናፍጬ ቀና ስል አልቋል! ያ ሰው እኮ ዕድሜውን ሙሉ ከመሬት ጋር ሲታገል የኖረ ነው። በቅሎ ስትሸጥ እንኳ ከዚህ የበለጠ ይነገርላታል።»

እውነት ነበር። ምን ልበል?

«እኔ ልጅ የለኝም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከሞትኩ በኋላ ተዝካሬን ማን ያወጣልኛል? ማንስ ቆሞ ያነብልኛል? ስለዚህ በቁሜ ላወጣው ነው። ጌሾው ተወቅጧል፣ በሬው ታስሯል። ድግሴን በዓይኔ ልየው፣ ታሪኬንም በጆሮዬ ልስማው። አንቺ ለልጆቹ የምታስተምሪው ያ የሚያያይዘው ጽሑፍ አለ አሉ፤ በእሱ ጻፊልኝ። እየቆራረጥሽ እንዳትቀብሪኝ።»

የቁም ተዝካር የሚባለውን ነገር በስም አውቀዋለሁ፤ ዘር የሌለው ሰው ለነፍሱ የሚሆነውን ድግስ በሕይወት ሳለ ቢያወጣ ነውር የለበትም። ነገር ግን የሕያው ሰው የሙት ታሪክ መጻፍ! ነገ አንድ ነገር ቢሆኑ «የጻፈችው እሷ ናት» ሊባል አይደለም? ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ አደርኩና ጠዋት ላይ ጥበብ ያልኩትን ሞኝነት አገኘሁ፦ ለተማሪዎቼ የቤት ሥራ አደረግሁት። መከራውን ለክፍል ሙሉ ልጅ ባካፍለው ለእኔ የሚደርሰኝ ያንሳል ብዬ ነው። ከማኅበረሰቡም የመነጨ ሆነልኝ።

ቡድኑን የመራችው ስመኝ የምትባል ተማሪ ናት። ጎበዝ ናት፤ ችግሩ የነገርኳትን ሁሉ የምትሠራ መሆኗ ነው። «መረጃ ከአንድ ሰው ብቻ አትውሰዱ፤ አመሳክሩ» ብያት ስለነበር፣ አያ እንየውን ጠይቃ ስትጨርስ አጥሩን ዞራ ጎረቤታቸውን አያ ቢያዝንንም ጠየቀች።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። አያ እንየውና አያ ቢያዝን የሚለያዩት በአንድ የቀርከሃ አጥር ነው። እኔ እዚያ ግቢ ከገባሁ ጀምሮ ሰላም ሲባባሉ አላየሁም። ለካ የጆሮ ችግር እየመሰለኝ፣ ለሁለቱም ጮክ ብዬ ሰላምታ ስሰጥ ነው የኖርኩት!

ስመኝ ያመጣችውን ሳነብ እንባዬ መጣ። ያ ሁሉ ጉርብጥብጥ አልቆ ጽሑፉ እንደ ሰጋር በቅሎ ይሄዳል። በተለይ አንዱ፦ «አያ እንየው በወጣትነታቸው ስመ ጥር ፈረሰኛ ስለነበሩ፣ በጎረቤት ሠርግ ሙሽራዋ ከመድረሷ በፊት የአያ ቢያዝን ፈረስ ቦራ እና የእርሳቸው ፈረስ ዳማ ሽምጥ ጋልበው ተከታትለው ከሙሽራው ደጅ ደረሱ።» ርእሰ መምህሩ ሰሙት። ንቅናቄው ነቃ። በማግስቱ ባንዲራ ሲሰቀል ስመኝ በድምፅ ማጉያ አነበበችው። ድምፅ ማጉያችን ለወትሮው ከአጥሩ አይሻገርም፤ ያን ቀን ግን ሰይጣን ሠርቶት ነው መሰል እንጅባራን ከዳር እስከ ዳር አዳረሰ።

ማታ ስመለስ አያ እንየው ከግቢው መሐል ቆመዋል። አልተቀመጡም። ሽማግሌ ቆሞ ሲጠብቃችሁ ደግ ነገር የለም።

«በባንዲራ ፊት!» አሉ። «ዳማዬን በባንዲራ ፊት ከቦራ ኋላ አስከተልሽው?»

«አያ፣ እኔ እኮ...»

«ዳማ ከማንም ኋላ ሄዶ አያውቅም! ወንዝ ሲወርድ እንኳ ውኃው ነው የሚከተለው!»

ከአጥሩ ወዲያ ሌላ ድምፅ ተነሣ። አያ ቢያዝን ናቸው።

«ተከታትለው ይላል እንዴ ደግሞ! ተከታትለው! ቦራዬ ደርሶ፣ ኮርቻው ወርዶ፣ ሣር ሲግጥ ነው የዚያ ሰውዬ አህያ ብቅ ያለው!»

«አህያ አለው! ሰማሽ?»

«አልሰማሁም አያ» አልኩ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ፍየሎቹ ሳይቀሩ ሰምተዋል።

ከዚያ ሁለቱም ወደ አዊኛ ዞሩ። አዊኛ አላውቅም፤ ከድምፁ ከፍታ ግን ጸሎት እንዳልነበረ ገባኝ።

ጠቡ እንዲህ ነው። በዚያ ሠርግ ቀድሞ ለደረሰ ፈረሰኛ የሙሽራው እናት ዋንጫ ጠላ ይዘው ደጅ ቆመው ነበር። ሁለቱም ደረሱ፤ ሁለቱም እጃቸውን ሰደዱ፤ ጠላው በመሐል ተደፋ። መሬቱ ወዲያው ደረቀ፤ ጠቡ ግን እስከዛሬ እርጥብ ነው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዳቸው ታሪኩን ለየብቻ ሲያወሩ ኖረዋል። የአያ እንየው ታሪክ «ዳማ ደረሰ» ብሎ ያልቃል፤ የአያ ቢያዝን «ቦራ ደረሰ» ብሎ ያልቃል። አገሩም ሁለቱን ታሪክ እያከበረ፣ በመሐላቸው ነጥብ አድርጎ በሰላም ይኖር ነበር። ነጥቡን ያነሣሁት እኔ ነኝ።

ይህ ብቻ ቢሆን ቤት ቀይሬ እገላገል ነበር። ዋናው ጉድ የመጣው በማግስቱ ነው። የአያ እንየው የንስሐ አባት አባ ላቀው ጩኸቱን ሰምተው መጡ። ገና ሳይቀመጡ፣

«እንየው፣ ይህ ጠብ እንዲህ ትኩስ መሆኑን አላወቅሁም ነበር። ከቢያዝን ጋር ሳትታረቅ ድግስህን አልባርክም» አሉ።

«አባቴ፣ በሬው ታስሯል!»

«ይፈታ።»

«ጠላው ተጠንስሷል!»

«ይጠጡት። ተዝካር ግን አይባልም። ቂም ይዘህ የምታበላው እንጀራ ለሆድ እንጂ ለነፍስ አይደርስም።»

አያ እንየው ጋቢያቸውን እስከ አፋቸው ሳቡት። ልጅ የሌለው ሰው ለነፍሱ ያሰበው አንድ ቀን ነው፤ እሱንም በእኔ ሰበብ ሊያጣው ነው። ከዚህ በኋላ እንቅልፍ የለም። እመቤቴን ለመንኳት፤ ርእሰ መምህሩንም ለመንኳቸው፤ መቀላቀሉ ነው ያበላሸብኝ።

ርእሰ መምህሩ «ኮሚቴ ይቋቋም» አሉ። የአገር ሽማግሌዎች ግን ከኮሚቴው ቀድመው ከትምህርት ቤቱ ግቢ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። እኔ አንድ ጎን፣ ዓረፍተ ነገሩ በስመኝ እጅ ሌላ ጎን፤ ሁለቱ ተከሳሾች ጀርባ ለጀርባ። ለመሬት ድንበርና ለደም የሚቀመጡ ሰዎች ለአንድ ዓረፍተ ነገር ተሰየሙ።

«በዕድሜ የሚበልጠው ይቅደም» አሉ አንዱ። ለካ ሁለቱ በአንድ ቀን ነው ክርስትና የተነሡት። ክርስትና ላይ ማን ቀደመ ሲባል ያም አዲስ ጠብ ሆነ።

«በፊደል ተራ ይሁን!» አልኩ እኔ፣ መማሬ እንዲታወቅልኝ። «በ» ከ«አ» እንደሚቀድም ትዝ ያለኝ አፌን ከከፈትኩ በኋላ ነው። አያ ቢያዝን ጢማቸውን ዳሰሱ። አያ እንየው «ፊደሉንም ገዝቷል!» ብለው ተነሡ፤ በስንት ልመና ተቀመጡ።

በመጨረሻ ምስክር ይጠራ ተባለ። የዚያን ቀን ሙሽራ የነበሩት እትዬ ጥሩወርቅ በሕይወት አሉ። በባጃጅ መጡ።

«እትዬ፣ በእርስዎ ሠርግ ከሁለቱ ማን ቀድሞ ደረሰ?»

እትዬ ጥሩወርቅ ሁለቱንም አየት አየት አደረጓቸው። «እኔ ምኑን አውቄ? ኋላ በበቅሎ ነበርኩ፤ ያውም ተሸፍኜ፤ ያውም እያለቀስኩ። እናንተ እኔን ልታጅቡ ሄዳችሁ ይህን ሁሉ ዘመን በፈረስ ትጣላላችሁ? ሙሽራዋ ደኅና ገባች ወይ ብሎ የጠየቀ እስከ ዛሬ የለም!» ብለው ወደ ባጃጃቸው ተመለሱ። ከዚያ ሸንጎ ሁሉ እውነት የተናገሩት እሳቸው ብቻ ይመስሉኛል፤ ግን ለችግራችን አልጠቀመንም።

በዚህ መሐል ከዳንግላ ለልምድ ልውውጥ የመጡ መምህራን በበሩ ገቡ። ርእሰ መምህሩ በአንዲት ቃል ሳይደናቀፉ «የማጣመር ንቅናቄያችን የማኅበረሰብ ተሳትፎ ክፍል ይህ ነው» አሏቸው። እንግዶቹ ሽማግሌዎቹን ሲጯጯሁ እያዩ በደብተራቸው ጻፉ። አያ ቢያዝን ዱላቸውን ሲያነሡ አጨበጨቡ። አንዷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ትወናው እንዴት ተፈጥሯዊ ነው! ስንት ቀን ተለማመዱ?» አለችኝ። «ዕድሜ ልካቸውን» አልኳት።

ሸንጎው ሳይታረቅ ተበተነ። አባ ላቀው ወደ አያ ቢያዝን ሄደው «ሌላው ቢቀር ለተዝካሩ ና» ብለው ለመኗቸው። «ሲሞት እመጣለሁ» አሉ አያ ቢያዝን። «ለቀብሩ የማልቀር ሰው ነኝ። አሁን ምን አስቸኮለኝ?»

ቀኑ ደረሰ። ዳሱ ተጣለ፣ ሰው ሞላ፣ በሬው ወጥ ሆነ። አባ ላቀው መስቀላቸውን ይዘው ከማዕዱ ራስ ተቀመጡ፤ ግን አልባረኩም። ካልባረኩ ደግሞ ማንም እጁን አይሰድም። የወጡ ሽታ ሕዝቡን እየዞረ ይፈትናል። አያ እንየው ነጭ በነጭ ለብሰው፣ እንደ ሟችም እንደ ሙሽራም ሆነው ከመሐል ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ግን ከአጥሩ አልተነቀለም።

«እንግዲህ ሰው እንዲሁ ከሚቀመጥ ታሪኩ ይነበብ» አሉ አባ።

ተነሣሁ፤ አማተብኩ። እንደ ጥንቁቅነቴ የሠርጉን ነገር ከነፈረሶቹ ቆርጬ አውጥቼዋለሁ። ያለ ፈረስ ጠብ የለም ብዬ ነው። ልደታቸውን አነበብኩ፣ ትዳራቸውን አነበብኩ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ከዳንግላ ድረስ ማስመጣታቸውን አነበብኩ። ሁሉም እርስ በርሱ ተያይዞ እየፈሰሰ ነው። አያ እንየው ግን ራሳቸውን እያቀረቀሩ፣ እያቀረቀሩ ሄዱ። ገባኝ። የገዛ ሕይወታቸውን እየሰሙ ራሳቸውን አጥተውታል። መጨረሻው ላይ ስደርስ የቀርከሃው አጥር ተንቋቋ።

«ሽምጡስ?»

ዳሱ በሙሉ ዞረ። የአያ ቢያዝን ራስ ከአጥሩ በላይ ወጥቷል፤ ምን ላይ እንደ ቆሙ እንጃ።

«ሽምጡስ? የሠርጉን ሽምጥ የት ጣልሽው?»

«አያ፣ ጠብ እንዳይነሣ ብዬ...»

«የእንየውን ታሪክ ያለ ሽምጥ ታነቢያለሽ? ይህ ምን ታሪክ ነው፣ የቆርቆሮ ታሪክ ነው እንጂ! ያን ቀን እኮ ሜዳው ላይ እሱና እኔ ብቻ ነበርን! እሱ ካልተናገረው ቦራዬን ማን አየልኝ?» ድምፃቸው ተሰበረ። «እሱ ሲሞት ቦራዬም አብሮ ሊሞት አይደለም?»

አያ እንየው ቀስ ብለው ተነሡ።

«ቦራ ጥሩ ፈረስ ነበር» አሉ።

ይህን ሲሉ አጥሩ ተሰነጠቀ። አያ ቢያዝን በሩን ዞረው መምጣት አልታሰባቸውም፤ ቀርከሃውን በትከሻቸው ገፍተው፣ ጋቢያቸውን ግማሹን እዚያው ትተው ገቡ። ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ሴቱ እልል አለ። አባ ላቀው መስቀሉን አነሡ። እኔም የልቤን ደፍሬ ጠየቅሁ፦ «እንግዲያው ሽምጡን ላንብበው፤ ማንን ላስቀድም?»

«ቢያዝንን አስቀድሚ» አሉ አያ እንየው። «ቤቴ ድረስ የመጣ እንግዳዬ ነው።»

«በጭራሽ! እሱን አስቀድሚ፤ ዛሬ ቀኑ የሟቹ ነው!»

«እኔ አልሞትኩም! አንተ ቅደም!»

«ማርያምን አልቀድምም!»

«እኔስ ብቀድም...!»

ጭራሽ ባለመቀዳደም ሊጣሉ! ወጡ ቀዘቀዘ። አባ ላቀው ሁለቱንም በመስቀላቸው ትከሻ ትከሻቸውን መታ መታ አድርገው «ዝም በሉና ብሉ!» አሉና ባረኩ። ሕዝቡ «አሜን» ያለው ከጸሎቱ ሦስት ቃል ቀድሞ ነው። እኔም ወረቀቴን አጥፌ ተቀመጥኩ፤ ተዝካሩ ተዝካር ሆነ፣ አያ እንየውም የራሳቸውን የነፍስ ማዕድ በራሳቸው አፍ ቀመሱ።

አያ ቢያዝን ከጎናቸው ተቀምጠው ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉ። ትልቅ ስላችሁ የበሬው ሩብ እዚያ ውስጥ ነበር። «በሞቴ» አሉ፤ አያ እንየው አፋቸውን ከፈቱ፤ ገባ። ጉንጫቸው ግራና ቀኝ ተወጠረ። ያን ጊዜ አያ ቢያዝን ጣታቸውን ጠረግ አድርገው ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«እንግዲህ የሠርጉን ነገር እኔ ላውጋችሁ» አሉ። «ቦራዬ ቀድሞ ደርሶ፣ ኮርቻው ወርዶ፣ ሣር ሲግጥ...»

አያ እንየው ዓይናቸው ፈጠጠ። እጃቸውን አወራጩ፤ ድምፅ የለም። ዳሱ በሣቅ ተናወጠ። እሳቸው ግን እያላመጡ፣ እንባቸው እየወረደ፣ ዓይናቸውን ከአያ ቢያዝን አፍ ሳይነቅሉ፣ ከሌማቱ ላይ ከዚያኛው የሚበልጥ ጉርሻ መጠቅለል ጀመሩ።